ቤት ፍለጋ

ከፒያሳ ዝቅ ብሎ፣ ከቸርችል ወደ ግራ፣
አንድ ሕንፃ አለ፣ ሊፍቱ ከፋሲካ ወዲህ የማይሠራ።
አራት ፎቅ በእግሬ፣
በደረት ኪሴ ውስጥ የሦስት ወር ብሬ፣
ሙዘይን ሱቅ ደረስኩ፣ ትንፋሼ ተቆርጦ፤
እሱ ግን ዘና ብሎ፣ ወንበሩ ላይ ሰምጦ፣
«ምን ልስጥህ?» አለኝ።
«ቤት» አልኩት።
«ደላላ ጋ ሂዳ!» ብሎ ሳቀ፤
ኋላ ግን ገባውና መነጽሩን አወለቀ።

«ለማን ነው?»
«ለካርዴ፤ ከዱባይ በሻንጣ ለመጣ፣
ሁለት ጌታ ላየ፣ ሲሞቅ ለሚቆጣ።
ፕሮሰሰሩ ደግሞ የመሥሪያ ቤት ጡረታ፣
ደብዳቤ ሲጽፍ ኖሮ የወጣ በጨረታ።
ፓወሩ የኢዮስያስ፤ እስከ መስከረም በዱቤ።
ሁሉም ይሞቃሉ። ይሄ ነው ሐሳቤ።»

የድሮው ኬዜማ የጫማ ካርቶን ነው፣
ገመድ በገመድ ላይ ተቆላልፎ ያፈነው።
ባለፈው ቅዳሜ፣ አምፖሉን አጥፍተን፣ ሁለት ለሁለት ሆነን፣
ኳሷ መረብ ልትነካ፣ ድርግም! ጨለማ ሸፈነን።
«መብራት ሄደ እንዴ?» ብዬ በግድግዳው ጠራሁ፤
«የኛማ አለ!» አሉኝ። ኬዜን ዳሰስኩና እጄን ቶሎ አነሣሁ።

መጀመሪያ ያሳየኝ መስታወት ለብሷል፣
ቀይ፣ ሐምራዊ፣ ሰማያዊ፤ የሠርግ ድንኳን መስሏል።
መዳፌን ፊቱ ላይ አሰስኩበት፤
ድፍን ነው፤ ስንጥቅ እንኳ አጣሁበት።
«በየት ይተነፍሳል?»
«ምን አስጨነቀህ፤ አያምርም?»
ያምራል። መልክ ግን አያቀዘቅዝም።

ሁለተኛው ርካሽ፤ ቆርቆሮው ሲነኩት ይረግባል፤
ካርዴ ከነጅራቱ በየት በኩል ይገባል?

ከመደርደሪያው ሥር፣ ከኪቦርድ ክምር ኋላ፣
«ይሄን የሚፈልግ የለም» እያለ አወጣልኝ ሌላ።
ጥቁር ነው፤ ጌጥ የለው፤ ግን መላ ፊቱ ወንፊት፣
ነፋስ ሳያንኳኳ ሰተት የሚልበት ከፊት፣
የሞቀው ደግሞ በኋላ በር የሚሸኝበት፣
ገቢና ወጪ ትከሻ ለትከሻ የማይጋጭበት።
የአቧራ ማጣሪያው ከሥሩ ተስቦ የሚወጣ ነው፤
ፒያሳ እንዲህ ስትቆፈር ለሳንባችን ይህን ያህል ያሰበ ማነው?
ስንዝሬን ዘረጋሁ። ካርዴ አንድ ስንዝር ከአራት ጣት፤
ቤቱ ሁለት ሊሞላ ነው፤ የነገውም ካርድ ይችላል እግሩን መዘርጋት።

«ለቆርቆሮ ይሄን ሁሉ? ጨምረህበት የተሻለ ካርድ አትገዛም?»
«ካርድ እንግዳ ነው፤ ይመጣል፣ ይሄዳል፤ ቤት ግን ይቆያል፤
በየዓመቱ ዕቃ ተሸክሞ መዞርን ተከራይ ያውቃል።»

«ሰባት ሺህ።»
«አምስት።»
«እንዲህማ አይባልም።»
ዝም አልኩ። ዝም አለ። ከታች የመኪናው ጥሩምባ አላባራም።
በስድስት ተስማማን፤ አንድ ፋን ምርቃት ጨመረ፣
«ይቅናህ» አለኝና ካርቶኑን በሲባጎ አሠረ።

የአራት ኪሎ ታክሲ። ወያላው «የሁለት ሰው ነው» አለ፤
ከፈልኩ። እኔ ጠርዙ ላይ ተሰቅዬ፣ እሱ ወንበሩ ላይ ተደላደለ።

እትዬ ደብሪቱ «ደግሞ ምን ልታስገባ ነው?» ብለው ጠየቁኝ፤
«ቤት ነው፤ ለኮምፒውተሬ።» ካርቶኑን በዓይናቸው ለኩ፤ ቀጥለው እኔን ለኩኝ።
«አየርም አለው?»
«አለው።»
«እንግዲህ ዕቃህ ካንተ ተሻለ» ብለው ገቡ ወደ ጓዳ፤
እኔም ወደ ሦስት በሁለቴ፣ መስኮት ወደሌለው አራት ግድግዳ።

ገመዱን በጀርባ አሳለፍኩ። ካርዱ ሲገባ እጄን እንደ ድሮው አልቆረጠኝም።
ሌሊት ስድስት ሰዓት የመጨረሻዋን ብሎን አጠበቅሁና ቁልፉን ተጫንኩት፤
ፋኖቹ ዞሩ፤ እንደ ሩቅ ዝናብ ነው የሰማሁት።
በሬ ላይ መጋረጃ አለኝ፣ ከተከራየሁ ጀምሮ መነቃነቅ የማያውቅ፤
ጫፉ ከፍ አለ። ደግሞ ዝቅ።

ጨዋታውን ሳልከፍት ብዙ ቆየሁ።
ሐምሌ ነው፤ ሁለት ቀን ያልደረቀ ካልሲዬን ከኋላው ዘረጋሁ፣
ትንሽ ራቅ አድርጌ፣ ትንፋሹን እንዳልዘጋበት እየሠጋሁ።